በእኔ ቲን የተከፈተው ሱቅ

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። ያኔ ደረጃ ሐ፣ ማለትም በትንሹ የግብር ከፋይ ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ግብሬን ከፍዬ እገላገል ነበር። የዚያን ዓመት ግን ግብር ቢሮው መስኮት ጋ ያለችው ልጅ ቲን ነምበሬን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን፣ አስገባችና ዝም አለች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«እትዬ፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫውስ?»

የግንባታ ዕቃ ሸጬ አላውቅም። ሲስተሙ ግን በስሜ፣ በሌላ ክፍለ ከተማ፣ የቫት ተመዝጋቢ የሆነ ሱቅ አለሽ ይላል። ሱቁ ለጥቂት ወራት ቫት አሳውቋል፣ ደረሰኝ ቆርጧል፣ ከዚያ ድምፁ ጠፍቷል። ያልተከፈለው 15 በመቶ ከነቅጣቱ ከነወለዱ እኔ ላይ ተቆልሏል። ቲን ለአንድ ሰው አንድ ነውና ያ ዕዳ ሳይነሳ ለእኔም ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ የለባትም የሚለው ወረቀት፣ አይሰጠኝም። ያለ ክሊራንስ ደግሞ ፈቃድ አይታደስም።

ኋላ እንደገባኝ፣ በእንዲህ ያለ ሱቅ ዕቃ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ወረቀት ነው። ደረሰኙን የገዛው ነጋዴ ወጪ ብሎ ያቀርበዋል፣ ከሚከፍለው ቫት ላይም ያቀናንሰዋል። ዕዳው ስሙ የተሰረቀው ሰው ላይ ይቀራል።

እዚያው አንድ ሠራተኛ «ከምትመላለሺ ትንሽ ትንሽ እየከፈልሽ ዝጊው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጅሎ ነበር። ሰፈራችን ያለች የሒሳብ ባለሙያ ናት ያዳነችኝ። «አንድ ብር እንዳትከፍይ! ከከፈልሽ ዕዳው የኔ ነው እንዳልሽ ነው። ቅሬታሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ ውሳኔው ከደረሰሽ 21 ቀን ነው ያለሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ጻፍኩ። በሁለት ኮፒ። አንዱን አስገብቼ ሌላው ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን አስመታሁ። ይህቺን ወረቀት እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት፤ በኋላ «ማመልከቻሽ አልደረሰንም» ሲሉኝ ያወጣሁት እሷን ነው።

ከዚያ ያ ሱቅ የተመዘገበበትን ፋይል ካላየሁ አልሄድም አልኩ። ስልኩ የእኔ አይደለም። ፊርማው ፊርማዬን ለመምሰል ይሞክራል። የመታወቂያው ኮፒ ግን የእኔው ነው። ዝም ብዬ አየሁት። ኮፒው ጠርዝ ላይ በነጭ ወረቀት የተሸፈነ ቦታ አለ፤ ከሥሩ የአንድ 7 ጭራ ወጥቷል። እጄ ቀዘቀዘ። ያ የራሴ ጽሑፍ ነው፤ ቤት ስከራይ ለአንድ ደላላ «በዚህ ደውልልኝ» ብዬ ስልኬን የጻፍኩበት ኮፒ! ለሌላ ሰው እንደዚያ ጽፌ የሰጠሁት የለም።

በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ፊርማው ለምርመራ ተላከ። ወራት ፈጀ፤ ስንት ቀን ሱቄን ዘግቼ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ፊርማው የእኔ አለመሆኑ ተረጋገጠ፣ ዕዳው ከስሜ ተነሳ፣ ያ ፈቃድም ታገደ። ደላላው ግን እስከ ዛሬ አልተያዘም።

አሁን ኢትሬድ በሚባለው የንግድ ፈቃድ ድረ ገጽ ላይ ቲኔን እያስገባሁ በስሜ ምን ፈቃድ እንዳለ አያለሁ። የመታወቂያ ኮፒ ስሰጥም ፎቶው ላይ አግድም የሰጠሁበትን ምክንያትና ቀኑን እጽፍበታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ አከራይ «ምነው ወረቀቱን አበላሸሽው?» አለኝ። የ7ቷን ጭራ ታሪክ ነገርኩት። የራሱን ኮፒ አምጥቶ እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ።