በቀን ስንት ማኪያቶ?

ሐምሌ ሲገባ እንዲህ ነኝ፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ዛሬ የተለየ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። የተቆጣኝ የለም፣ የሞተብኝ የለም። ብቻ ሆዴ ባር ባር ሲለው ዋለ።

ሐምሌ የግብር ወር ነው። የሒሳብ ቢሯችን ደንበኞች ዓመቱን ሙሉ የት እንደሚከርሙ እግዜር ይወቅ፤ ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም ደረሰኙን በፌስታል አንጠልጥሎ ከች ይላል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ደግሞ አያድርስ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ካገኘው ጽሑፉ ይጠፋል። ዛሬ አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ ወዲያ ወዲህ እያዘነበልኩ ሳየው «ጠቅላላ ድምር» የሚለው ብቻ እንደ ጥላ ይታያል። ቁጥሩ የለም፣ ነጭ ወረቀት። ባለቤቱ «አንችው ታውቂበት የለ? የሆነ ነገር አርጊው» ብሎኝ ሄደ። የኔ ማማከር ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚያማክረኝ።

ከሁሉ የማልረሳቸው ግን እዚሁ ጎንደር ከፒያሳ ወረድ ብሎ ፔንሲዮን ያላቸውን አባት ነው። የግብር ዲክላሬሽን ሊያሠሩ መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን «ልጀ፣ ፈረንጅ ከቀረ ሰነበተ። ክፍሎቹን ለተማሪ ላከራያቸው ወይስ ደህና ቀን እስኪመጣ ልጠብቅ?» አሉኝ። እንዴት ነቃ እንዳልኩ! ወረቀት ሳብ አድርጌ ስንት ክፍል እንዳላቸው፣ ለውኃ ቦቴ በወር ስንት እንደሚያወጡ፣ ጥምቀት ሲደርስ ስንቱ ክፍል እንደሚያዝ እጠይቃቸው ጀመር። አለቃዬ በአጠገባችን ሲያልፍ «እሱ የኛ ሥራ አይደለም፣ ዲክላሬሽኑን ጨርሽላቸው» አለ። እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። እኔን ይቅርታ!

ከዚያ ወዲህ ነው ይኸ የስትራቴጂ አማካሪነት ነገር የጸናብኝ። እዚያ ሰዎቹ የሚጠሩሽ ነገሩ ሳያልቅ ነው አሉ፤ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለው። አዲስ አበባ ገብቶ የቀናው ያ ጓደኛችን (ኖቴን እየተዋሰ የተመረቀው፣ አዎ እሱ) ማታ ማታ በቴሌግራም ለቅጥሩ ኢንተርቪው ያለማምደኛል። ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ እንዳያሳፍረኝ ብሎ፣ ማኪንዚ የሚባለውን ስመ ጥር አማካሪ ድርጅት በ1926 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ያቋቋመው ጄምስ ማኪንዚ ራሱ የሒሳብ አያያዝ መምህር እንደነበረ ነገረኝ። ተጽናናሁ። ቆይቶ ሰውየው ፕሮፌሰር እንደነበረ ሳይ መጽናናቴ ቀነሰ።

ትናንት ማታ የሰጠኝ ጥያቄ «ጎንደር ውስጥ በቀን ስንት ማኪያቶ ይሸጣል?» የሚል ነበር። ለኢንተርቪው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃሉ፤ መልሱን ፈልገው ሳይሆን እንዴት እንደምታስቢ ለማየት ነው። ከሕዝቡ ቁጥር ተነሣሁ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ያኔ ጎንደር 207,044 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ የቆጠረን የለም፣ ስለዚህ ሥራው ገና ከመጀመሪያው መስመር ግምት ነው። እጥፍ አደረግሁት፣ ሕፃናቱን ቀነስኩ፣ ከቀሩት ከአሥሩ አንዱ ይጠጣል አልኩ። ከዚያ ረቡዕና ዓርብን አወጣሁ፣ ዐቢይ ጾምን አወጣሁ፣ ፍልሰታን አወጣሁ። «ጾሙን ማሰብሽ አሪፍ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል» አለኝ። አርባ አራቱ ታቦት አገር ተቀምጦ ጾም የሚረሳ ማን ነው?

ስልኩን ዘግቼ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣብኝ፤ ይኸን ሒሳብ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

2009። የግብር ሰዎች የቀን ገቢ ግምት። ነጋዴው የተገመተበትን ቁጥር ይዞ ሲጮህ የከረመበት ክረምት። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ገማቾቹ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወዳለችው የእማዬ ሻይ ቤት የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያውም በዕለተ ቅዳሜ። ገጠሬው ሁሉ ሸጦ፣ ገዝቶ፣ ደክሞት ቁጭ ብሎ ሻይ የሚልበት ሰዓት። አንደኛው ጥግ ይዞ ብርጭቆ ይቆጥራል፣ ሌላው ስኳሩን በኪሎ፣ ወተቱን በሊትር፣ ኪራዩን በወር እየጠየቀ ይጽፋል። እማዬ እንግዳ ናቸው ብላ የጠጡበትን አላስከፈለችም። እነሱ ግን ያንንም ከሽያጯ ሳይደምሩት አልቀሩም።

ግምቱ ሲመጣ እማዬ አላለቀሰችም፣ እንደሷ ያለ ሰው ሲናደድ ይቀልዳል። «ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ አደረጉብኝ!» አለች። «እግዜር እንኳ በዓለ ሃምሳን የሰጠ ለሃምሳ ቀን ነው፤ እነዚህ ዓመት ከዓመት አስፈሰኩኝ»። ቅሬታ አስገብታ ትንሽ ተቀነሰላት። የምታግዛትን ልጅ ግን አሰናበተች፣ ከትምህርት ቤት መልስ ብርጭቆ አጣቢዋ እኔ ሆንኩ።

እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ያደርኩት በዚህ ነው። ከነዚያ ሰዎች በምን እለያለሁ? እነሱም ፎርም ነበራቸው። እነሱም ዘዴ ነበራቸው፤ የአንድ ቀን ሽያጭ በዓመቱ ቀናት ይባዛል። በጓደኛዬ ቋንቋ «ስትራክቸር» ነበራቸው ማለት ነው። ኢንተርቪው ላይ ጾም የረሳ ሰው ሥራው ይቀርበታል፣ በቃ። እነሱ ሲረሱ ግን እነሱን ምንም አልነካቸውም። የኔስ ሥራ ምን ሊሆን ነው? ከማላውቀው ከተማ ቅዳሜ ደርሼ፣ ስላይዴን ሠርቼ፣ ሌላ ቅዳሜ ሳይመጣ በአውሮፕላን መመለስ? እኒያ ባለ ፔንሲዮኑ አባትስ እንዲህ ያለውን አማካሪ በምን ገንዘባቸው ይጠሩታል? ለሳቸው ብዬ የተነሣሁበት ሥራ ለሳቸው የማይደርስ ከሆነ…

ይኸን እያሰብኩ ዛሬ ማታ በሻማ ተቀምጬ ለምን የእማዬን ሻይ ቤት ራሴ አልገምተውም አልኩ። የዚያን ጊዜውን ዋጋ አስታውሳለሁ። ወንበሮቹን አውቃቸዋለሁ፣ የትኛው እግሩ እንደሚነቃነቅ ሳይቀር። ቅዳሜን ለብቻው፣ ሌላውን ቀን ለብቻው አስቀመጥኩ። ጾሙን አንድ በአንድ አወጣሁ። ክረምቱን፣ ውኃ የጠፋበትን ቀን፣ በዱቤ ጠጥቶ የጠፋውን ሁሉ ቀነስኩ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ያ ልጅ ቢያየው በማግስቱ ያስቀጥረኝ ነበር።

የወጣው ቁጥር ከገማቾቹ በለጠ።

ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ማን እንደሚያነብ አይታወቅም። እማዬ ከጓዳ ሆና «ምን ታሰያለሽ በዚህ ጨለማ? ዓይንሽን ልታጠፊ ነው እንጅ!» ብትለኝ «ምንም» ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት። ወይ እኔ ገና ስሌቱ አልገባኝም፣ ወይ እማዬ ያኔ… ውይ፣ ይቅር።

የአማካሪነቱ ሥራ ማመልከቻ የሚዘጋው በዚህ ሳምንት ነው። «ከዚህ በፊት ያለዎት ልምድ» የሚል ክፍት ቦታ አለው፣ እስካሁን ባዶ ነው። ምን ብዬ ልሙላው? የገዛ እናቷን ከገማች ኮሚቴ አብልጣ የገመተች?