የእማዬ ክኒንና የቀረው የመርከብ ጉዞ

ከባልቲሞር ወደብ ወደ ባሃማስ ልንሄድ ስድስት ቀን ሲቀረን የእማዬ ደም ግፊት አሻቅቦ ሆስፒታል ገባች። ጉዞውን ያሰብነው ለእሷ ነበር። ያለ እሷማ ምን ያደርግልናል? ሰረዝነው።

የመርከቡ ድርጅት የመለሰልን የወደብ ቀረጥና የወደብ ክፍያ ብቻ ነው። ቢሆንም የጉዞ ኢንሹራንስ ስላለኝ ብዙ አልደነገጥኩም። የሐኪም ወረቀቱን፣ ደረሰኙን፣ ሁሉንም ላክሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ አይከፈልም።

ምክንያቱ አንድ ክኒን ነው። ኢንሹራንሱን ከመግዛቴ ሁለት ወር በፊት ሐኪሟ የደም ግፊት ክኒኗን፣ አምሎዲፒንን፣ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አድርጎላት ነበር። ውሉ ደግሞ ከተገዛበት ቀን 180 ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራል። በዚያ መሃል መድኃኒት ከተቀየረ ሕመሙ «ነባር» ይባላል፤ ነባር ሕመም ላመጣው ስረዛ አይከፍሉም።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ኢንሹራንሶች የመጀመሪያውን ቀብድ በከፈላችሁ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ከገዛችሁ ይህን ገደብ ያነሱታል። እኔ የገዛሁት ከቀብዱ ሦስት ወር ቆይቼ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ስከፍል ነው። ማን ነገረኝ? «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባል የኢንሹራንስ ሽፋንም አለ። ወደድ ይላል፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ከሰረዛችሁ ብዙውን ጊዜ እስከ 75 በመቶ ይመልሳል። እኛ ስድስት ቀን ነበረን።

እማዬ አሁን ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ይግባኙን ሰኞ እልካለሁ።