አሸዋ የሚያፈሰው ቅርጫት

ትናንት ከካይሮ ከቁምስናችን ምእመናን ጋር ወዲ ናትሩን ደርሰን መጣን። መጻሕፍቶቻችን ገዳመ አስቄጥስ የሚሉት በረሃ ነው። በራሙስ ገዳም አንድ ግብጻዊ መነኩሴ "ከየት ነህ?" አሉኝ። "ሐበሻ ነኝ፣ ግን ካቶሊክ..." ሳልጨርስ እጄን ያዙ። "ና፣ አባትህ እዚህ ነው።"

ኢትዮጵያዊ የሚባለው የጥንቱ መነኩሴ፣ የሙሴ ጸሊም ዐፅም ነበር።

እንባዬ መጣ። ያ ሽፍታ የነበረው ሙሴ! በበደለ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ሲጠሩት፣ አሸዋ የሚያፈስ ቀዳዳ ቅርጫት በጀርባው አዝሎ ሄደ። ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ እንዴት በሌላው ልፍረድ? አላቸው።

መነኩሴው ካቶሊክነቴን ደግመው አላነሱም። ዳቦ ቆርሰው ሰጡን።

አውቶቡስ ውስጥ ጫማዬን ሳወልቅ አሸዋ ፈሰሰ። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሰባት ወር ሆኖናል። ማታውኑ ደወልኩለት።