ደሴ ላይ ውሃ 95 ዲግሪ አይደርስም

ደሴ ላይ ባቄላ መቀቀል ከኮምቦልቻ የበለጠ ጊዜና ማገዶ ይፈጃል። ወጥ ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናትና 94 ትደርሳለች። በሞለኪውላር ባዮሎጂ ላብራቶሪ የምርምር ረዳት መሆን የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይያዝ። ከላብራቶሪ ኪት (ለአንድ ሥራ ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የኬሚካል ጥቅል) ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ስለ ከፍታ አይናገርም።

መጀመሪያ የሚያሳስተው አውቶክሌቭ ነው፤ ዕቃን በእንፋሎትና በግፊት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን። ግፊት ብቻ የሚያሳየው አሮጌው ዓይነት 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲል ብዙ ሰው «121 ዲግሪ ገባ» ብሎ ሰዓት ይይዛል። መለኪያው የሚያነበው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ደሴ ላይ የውጭው አየር ራሱ ቀላል ስለሆነ በ15 ላይ ውስጡ ያለው ሙቀት ከ116 እስከ 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ ደሴ ላይ 19፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 ገደማ ያስፈልጋል። ማሽኑ ያን ያህል ግፊት እንዲይዝ ካልተሠራ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩን አትነካኩ፤ ጊዜውን አርዝሙ። በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚሠራውን ሥራ 116 ላይ ለመሥራት 45 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። በውስጡ ያለው አየር ሳይወጣ የማስወጫ ቫልቩን መዝጋትም ያው ነው፤ ግፊቱ ይደርሳል፣ ሙቀቱ አይደርስም። እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ መውጣት ከጀመረ በኋላ አምስት ደቂቃ ታግሳችሁ ዝጉ። መስመሩ የሚጠቁረው ቴፕ ዕቃው መሞቁን እንጂ ጀርሙ መሞቱን አይመሰክርም፤ እሱን የሚመሰክረው የስፖር ጠቋሚ ነው፤ ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች ያሉበትና መሞታቸው የሚታይበት መፈተኛ።

ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን እያሞቁና እያቀዘቀዙ ማባዣው ዘዴ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ማሽኑ 95 ዲግሪ ያለምንም ችግር ይደርሳል፤ 95 ግን ደሴ ላይ ከውሃ መፍያ በላይ ነው። ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ ቲዩብ በየዑደቱ ይፈላል ማለት ነው። 25 ማይክሮ ሊትር አስገብታችሁ 15 ካወጣችሁ፣ ከክዳኑ ሥርም ጠብታ ካያችሁ፣ ጥፋቱን ፕራይመሩ (የሚባዛውን ቦታ የሚለየው አጭር ዲኤንኤ) ላይ አትፈልጉ። የማሽኑ ክዳን 105 ዲግሪ መሞቁን አረጋግጡ፣ እያንዳንዱን ቲዩብ በአውራ ጣት ተጫኑ፣ ዳር ዳር ያሉትን ደግማችሁ ተጫኑ። የክዳኑ ማሞቂያ ከተበላሸ ከላይ 25 ማይክሮ ሊትር ሚኒራል ዘይት መጨመር የድሮ መላ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። (በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚቀዳው የታቅ ኢንዛይም እናት ባክቴሪያ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የተገለጸችው፣ አሜሪካ ባለው የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ የተገኘች ናት። እሷም የደጋ ልጅ ናት፤ ቦታው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው።)

የፒሲአር ድብልቁ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ስህተት የሚበዛው ግን እዚሁ ነው። አሥር ናሙና፣ አንድ ፖዘቲቭ (ዲኤንኤው እንዳለበት የሚታወቅ ማነጻጸሪያ)፣ አንድ ኔጌቲቭ (ዲኤንኤ የሌለበት ማነጻጸሪያ) ካላችሁ 12 ይሆናል፤ የምታዘጋጁት ለ13 ነው፣ በፒፔቱ (ጥቃቅን ፈሳሽ በሚለካው መሣሪያ) ጫፍ፣ በቲፑ ላይ የሚቀረው ይጎድላልና። ለአንድ ቲዩብ 12.5 ማይክሮ ሊትር ሁለት እጥፍ ማስተር ሚክስ (ኢንዛይሙና ሌሎቹ ግብዓቶች በሁለት እጥፍ ጥንካሬ ቀድመው የተደባለቁበት)፣ ከየፕራይመሩ 0.5፣ ውሃ 9.5። ለ13 ሲሆን 162.5፣ 6.5፣ 6.5 እና 123.5። ከዚህ 23 እያከፋፈላችሁ 2 ማይክሮ ሊትር ዲኤንኤ ትጨምራላችሁ። ኔጌቲቩ ውስጥ ዲኤንኤ ሳይሆን ውሃ ይግባ፤ እሱንም መጨረሻ ላይ ክፈቱት። ፒፔትን መጠርጠር ጥሩ ልማድ ነው፦ 100 ማይክሮ ሊትር ውሃ ሚዛን ላይ 100 ሚሊ ግራም አካባቢ ካልመጣ ማስተካከያ ይፈልጋል። በከፍታ ቦታ በፒፔቱ ውስጥ ያለው አየር ይበልጥ ስለሚሳሳብ ፈሳሹ ትንሽ ይጎድላል፤ ስለዚህ ልኬቱ በምትሠሩበት ከተማ ይሁን፤ ኮምቦልቻ የተለካ ለደሴ አይበቃም።

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሕግ ፍሪዘሩን አለመክፈት ነው። ሌሊት ጠፍቶ ተመልሶ እንደሆነ የሚያሳውቅ ርካሽ መሣሪያ አለ፦ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዙ፣ በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ ፍሪዘር ውስጥ ተዉት። ጠዋት ሳንቲሙ ታች ከወረደ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ኢንዛይም 50 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ ስላለ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አይረጋም፤ ጠጥሮ ካያችሁት ሌላ ነገር ተበላሽቷል። ራሱ በረዶውን የሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር ለኢንዛይም አይሆንም፤ በየጊዜው ስለሚሞቅ ኢንዛይሙን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ፕራይመርን በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሉት፦ ጥንካሬው 100 ማይክሮ ሞላር ከሆነው 5 ማይክሮ ሊትር ከ45 ውሃ ጋር 10 ማይክሮ ሞላር ይሰጣል። ለቅጥር ፈተና ሊያነሱት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ ዲግሪ ይዞ እዚህ ላይ የሚደናቀፍ ብዙ ነው።

የተባዛው ዲኤንኤ በመስመር (በባንድ) ተለይቶ የሚታይበት አጋሮዝ ጄል ላይ ብዙ አልቆይም። 1.5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ቲኤኢ (የጄሉ ጨዋማ መፍትሔ፣ በፈር)። ውሃው ቀድሞ ስለሚፈላ አጋሮዙ ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ ብርሃን ላይ ስታዩት ሌንስ የመሰለ ቁራጭ ካለ አልቀለጠም። ከማፍላት በፊት ጠርሙሱን መዝኑ፣ በኋላም መዝኑ፣ የጎደለውን ውሃ መልሱ። አለዚያ የዛሬው ጄል 1.5፣ የነገው 1.8 ይሆናል፤ ባንዶቹም አይመሳሰሉም።

ኔጌቲቩ ላይ ባንድ ከወጣ ዲኤንኤ ከሌላ ቦታ ገብቷል ማለት ነውና ቀኑ የጽዳት ቀን ነው። ጠረጴዛና ፒፔት በበረኪና ይጠረጋሉ፦ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር፣ በዕለቱ የተዘጋጀ፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ በ70 በመቶ ኢታኖል ይታበሳል፣ በረኪና ብረት ስለሚበላ። ድብልቅ የሚሠራበት ክፍል የለበሳችሁት ጋዋን ጄል ወደሚታይበት ክፍል አይሂድ፣ ከዚያም አይመለስ። የዲኤንኤ ማውጫ ኪት ጠርሙስ ላይ «ጓኒዲን» የሚል ካለ ደግሞ በረኪና በምንም መልክ አይጠጋው፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የዚያ ኪት ዝቃጭ ለብቻው በተሰየመ ጠርሙስ ይቀመጥ፣ በክዳኑም ላይ ቀኑ ይጻፍ።