ከጎንደር ወደ አፋርና አዋሽ፦ የበረሃ ፎቶ ጉዞን ከብርሃኑ ጀምሮ ማቀድ

ጎንደር ላይ ሆኖ የበረሃ ፎቶ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚጀምረው ከኪሎ ሜትር ነው፤ የት ይታደራል፣ በቀን ስንት ሰዓት ይነዳል። እንዲህ ሲታቀድ አፋር ውስጥ ያለው ያንጉዲ ራሳ ፓርክ የሚደረሰው ቀትር ላይ፣ የአዋሽ ፓርክ በር የሚደረሰው ደግሞ ከመሸ ነው። ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሚመለሰው ፎቶ ነጭ ሰማይና ጥላ የሌለው ሜዳ ይሆናል። በረሃ ፎቶ የሚሆን ብርሃን የሚሰጠው ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያቺን ግማሽ ሰዓት ያዙ፣ መንገዱን ከዚያ ወደኋላ ቁጠሩት።

ለምን ግማሽ ሰዓት? ለአውሮፓ አንባቢ የተጻፉ የፎቶ መመሪያዎች “ወርቃማው ሰዓት” ሲሉ እዚያ በእርግጥ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ አድማሱን ታክካ በሰያፍ ስለምትወጣ ነው። አዋሽ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ በሰዓት ወደ 14 ዲግሪ። ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቀለም የሚይዘው ፀሐይ ከ6 ዲግሪ በታች እስካለች ድረስ ነው ብንል 25 ደቂቃ ያህል ታገኛላችሁ። በጥር መጨረሻ አዋሽ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 12:40 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ ማታ 12:25 ገደማ ነው። ከመውጣቷ 20 ደቂቃ በፊት ለቅርጽና ለጥላ ምስል የሚሆን ለስላሳ ብርሃን አለ። ስለዚህ ሌንስ ተገጥሞ፣ መኪና ቆሞ፣ ሞተር ጠፍቶ መገኘት ያለበት 12:10 ላይ ነው። ረፋድ 3 ሰዓት ሲሆን ካሜራ ወደ ቦርሳ ይገባል፤ እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ለመንዳት፣ ለመተኛትና ባትሪ ለመሙላት ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ምርጫዬ ከጥምቀት ማግስት እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ የኪራይ መኪና ማግኘት ከባድ ነው፤ ከጥር 15 በኋላ ነገሩ ይረጋጋል። ሙቀቱም ገና አልበረታም፣ ሣሩ ደርቆ አጥሯል፣ ውኃው ስለቀነሰ እንስሳቱ ወደ ወንዙ ይጠጋሉ። ከግንቦት በኋላ አፋር ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ የተለመደ ነው፤ ሰውም ካሜራም አይሠራም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የአላይደጌ ሜዳ ጭቃ ይሆናል። ረመዳን በዚህ ወቅት ከዋለ አፋር ውስጥ ምግብ ቤቶች ቀን ላይ ዝግ ስለሚሆኑ ስንቃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የሚጾም አስጎብኚንም ቀትር ላይ በእግር አታስኪዱ።

መንገዱ ከጎንደር ወረታ 120፣ ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ 300፣ ከወልድያ በደሴ ኮምቦልቻ 145፣ ከዚያ በባቲ ሚሌ 140፣ ከሚሌ በገዋኔ አዋሽ ሰባት ከተማ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድምሩ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቅዳሜ ንጋት ላይ ከጎንደር ብትነሱ ማታ ወልድያ ትገባላችሁ፤ እሑድን አሳጥራችሁ ኮምቦልቻ እደሩ። ይህ የቀን አቆጣጠር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት፣ ግመል የሚሸጥበት ገበያ ስለሆነ በማንኛውም ፓርክ የማይገኝ ምስል እዚያ አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ 3 ሰዓት ላይ ውጡ። ሰውን ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ እምቢ ያለን ሰው በረጅም ሌንስ ከሩቅ መስረቅ ከእምቢታው በላይ ያስቀይማል፣ ከኋላችሁ ለሚመጣውም በር ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አረጋግጡ። ሳምንት ያለፈው መረጃ አይበቃም፤ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን መስመር ትናንት የነዱትን ሾፌሮች ጠይቁ፣ ወልድያ ላይና ሚሌ ላይም እንደገና ጠይቁ። ገዋኔ አካባቢ የጎሳ ግጭት የሚያገረሽበት ጊዜ ስላለ እዚያም መጠየቅ ግድ ነው። በየትኛውም ቀን ከመሸ አትንዱ። በየብስ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ ከሆነ ከጎንደር አዲስ አበባ በረራ ይዛችሁ፣ መኪና እዚያ ተከራይታችሁ በአዳማ ፈጣን መንገድ አዋሽ መግባት ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ የፓርኩ በር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያንጉዲ ራሳን ታጣላችሁ፤ አዋሽና አላይደጌ ግን ይቀሩላችኋል።

መኪናው ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ነጂ ይሁን። ስኮርታ ጎማ ሁለት፣ ክሪክ፣ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ እንጨት፣ 12 ቮልት የአየር መሙያና የጎማ መድፈኛ ያዙ። ከገዋኔ እስከ አዋሽ ያለውን ሸለቆ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ወርሮታል፤ እሾሁ ጎማ ይበሳል። እሾህ ገብቶ አየሩ ካልተነፈሰ መድፈኛው በእጃችሁ እስኪሆን አትንቀሉት፣ ራሱ ቀዳዳውን ዘግቶ ሊያቆያችሁ ይችላል።

የጎማ አየር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጋሸና አካባቢ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 4 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ አሃድ) ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ሙቀቱ ከ8 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ ሌላ 4 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ደጋ ላይ በብርዱ ጠዋት የሞላችሁት ልክ ቆላ ላይ በዚያ ሙቀት፣ በመንዳት ያልጋለ ጎማ ላይ ስትለኩት እዚያው አካባቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰው ቀትር ላይ በአስፋልት የጋለ ጎማ ለክቶ “በዛ” ብሎ ሲያተነፍስ ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ያንሳል፣ በማግስቱ በተጫነ መኪና ጎኑ ይታጠፍና ይፈነዳል። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሳትነዱ ለኩ። አሸዋ ውስጥ ለመግባት ብቻ ወደ 20 አውርዱ፣ አስፋልት ስትደርሱ መልሱ።

ይኸው የግፊት ልዩነት አየር የማያስገባ ጠንካራ የካሜራ ሳጥን ላይም ይሠራል። ደጋ ላይ የተዘጋ ሳጥን ሚሌ ላይ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተስቦ አልከፈትም ይላል። በጉልበት አትታገሉት፤ ጎኑ ላይ ያለችውን የአየር መልቀቂያ ፈታ አድርጉ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከባቲም ወደታች ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ነዳጅ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ በደረሰ ቁጥር ሙሉት። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ቁጠሩ፤ ሦስት ሰው ለአራት ቀን 72 ሊትር ነው፣ ለራዲያተር 20 ጨምሩበት።

ያንጉዲ ራሳ በሚሌና በገዋኔ መካከል ዋናውን መንገድ ተከትሎ ያለ ሜዳ ነው። የዱር አህያን ለመጠበቅ የታሰበ ፓርክ ቢሆንም አህያዋ በመጥፋት ላይ ካሉት የዓለም እንስሳት አንዷ ናትና እሷን አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ። እዚያ የሚነሳው ቦታው ራሱ ነው፦ ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ሰጎን፣ አቧራ የሚያስነሱ የግመል መንጋዎች፣ ገዋኔ አጠገብ የቆመው የአየሉ ተራራ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ከሚሌ ተነሱ። መንገዱ የጅቡቲ መስመር ስለሆነ ተሳቢ አይቋረጥበትም፤ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አትቁሙ፣ ቢያንስ 30 ሜትር ውጡ።

አላይደጌ ከአዋሽ ሰባት በስተሰሜን ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ በሰሜን ጫፍ የሚገኝበት ቦታ ይህ ነው። ስሙን ያገኘው ከኛው አገር ወደ ፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ በተላከ እንስሳ ምክንያት መሆኑን እያሰቡ ማንሳት ደስ ይላል። የሜዳ አህያው መስመር ቀጭን፣ ነጩ ደማቅ ስለሆነ ካሜራው በራሱ ሲለካ ነጩን ያቃጥለዋል፤ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱ። ስክሪኑ በፀሐይ ውስጥ ያታልላልና ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። መንገድ የለሽ ሜዳ ስለሆነ ቦታውን የሚያውቅ ስካውት ሳትይዙ አትግቡ።

አዋሽ ፓርክ ሦስት ሌሊት ይገባዋል። በሁለት የሚጨርሱት አሉ፤ እኔ አልመክርም። የመጀመሪያው ጠዋት ለኢላላ ሳላ ሜዳ ነው። ሳላ የሚባለው ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ ንጋት ላይ ሜዳው ላይ ይግጣል፣ ፀሐይ ስትከር ወደ ግራሩ ይሸሻል። ከመኪና አትውረዱ፤ የሰው ቁመና ሲያዩ ይሮጣሉ፣ መኪናን ግን ይለምዳሉ። ለመስኮት ማስደገፊያ የሚሆን የጨርቅ ከረጢት አሰፉና ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ገዝታችሁ ሙሉት። ጤፍ በስፌቱ ይፈሳል፣ ሽምብራ ግን ሌንሱን አቅፎ ይይዛል፣ ከትራይፖድም ይፈጥናል። ሞተር አጥፉ፤ ንዝረቱ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ በደንብ ይታያል። ማቀዝቀዣውንም አስቀድማችሁ አጥፉና መስኮቱን ክፈቱ፤ ቀዝቃዛና ሙቅ አየር መስኮቱ ላይ ሲቀላቀል ምስሉን ያወዛውዘዋል። የሹተሩ ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ) ለቆመ እንስሳ 1/500 ሰከንድ፣ ለሚሮጥ 1/2000 ይሁን።

ረፋድ ላይ ፎቶው ደብዝዞ ከመጣ ሌንሱን አትውቀሱ። የጋለው መሬት ከላዩ ያለውን አየር ስለሚያሞቀው ብርሃኑ ይታጠፋል፤ ምንም ዓይነት ሌንስ አያስተካክለውም። መፍትሔው ወደ 50 ሜትር መጠጋት ወይም ለማታ ማቆየት ነው።

ማታ ማታ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው የአዋሽ ፏፏቴ። ወንዙ ወደ ገደሉ ሲወርድ ቡናማ ስለሆነ ነጭ የሐር ክር የሚመስል ውኃ አትጠብቁ፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከከፈታችሁ ጭቃማ ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል፣ 1/8 ሰከንድ አካባቢ የተሻለ ነው። ዳርቻው አዞ አለበት፣ ትራይፖድ ውኃው ጠርዝ ላይ አይተከልም። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ማደር ንጋቱን ያተርፋል፤ ከተማ ለሚያድር የበሩ መክፈቻ ሰዓት ብርሃኑን ሊበላበት ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ወደ ፍል ውኃ ስትሄዱ ካሜራውን ከቀዘቀዘ መኪና ወዲያው አታውጡት፤ እንፋሎቱ ሌንሱ ላይ ይጤዛል። በተዘጋ ቦርሳ 20 ደቂቃ አቆዩት። ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ ስለነበረ፣ መሬትም ስለተሰነጠቀ፣ ወደ አፋፉ ከመውጣታችሁ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አማክሩ።

ለሌሊት ሰማይ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በየካቲት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይወጣል። 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 15 ሰከንድ፣ ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ክፍተት)፣ አይኤስኦ 3200 (የካሜራው የብርሃን ስሜት) መነሻ ይሁናችሁ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ኮከቦቹ ይሳባሉ። ከሰፈር ብቻችሁን አትራቁ፣ ስካውቱ አብሮ ይሁን።

ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ኬላና ወታደር አይነሱም። ድሮን ያለ ፈቃድ ከቤት አታውጡ። ለሽያጭ ወይም ለማስታወቂያ የሚነሳ ከሆነ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደብዳቤ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ በር ላይ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ሌንስ ሜዳ ላይ አትቀያይሩ። ሁለት ካሜራ ካለ አንዱ ላይ አጭር፣ አንዱ ላይ ረጅም ገጥማችሁ ጨርሱ፤ ከሌለ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግታችሁ፣ የካሜራውን አፍ ወደታች አድርጋችሁ ቀይሩ። አቧራውን በጎማ ማራገቢያ ንፉ፣ በአፍ አትንፉ፣ ከመንፋታችሁ በፊትም በጨርቅ አትጥረጉ፤ የአፋር አቧራ ውስጥ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለበት፣ መስታወት ይጭራል። ባትሪ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ ከውኃው ጀሪካን አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። ካርዱን በየማታው ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ አንደኛው ከመኪናው ውጭ ከሰው ጋር ይደር። ወደ ጎንደር ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ የመኪናውን የአየር ማጣሪያ አውጥታችሁ አራግፉ፤ ዳገቱ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በአቧራ የታፈነ ሞተር ከባቲ በላይ ጉልበት ያጣል።