ጀነሬተር ሲነሳ የፈጠነ አንጎል

የፊዚዮሎጂ ላብ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የዕለቱ ልምምድ ኢኢጂ ነው፤ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ መቅዳት። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመውን አልፋ ሞገድ ተማሪው በገዛ ራሱ ላይ እንዲያየው ነው ዓላማው። ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል ሞገዱ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ፣ ይወዛወዛል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ሞገዱ ይደክማል።

ሰዓት አጥሮኝ ስለነበር አዲስ ፋይል ማዘጋጀቱን ትቼ የትናንቱን የትንፋሽ ልምምድ ፋይል ከፈትኩ። የቻናሉን ስም ቀየርኩ፣ የቮልቴጁን መጠን ወደ ማይክሮቮልት አወረድኩ፣ ጀመርን። የወጣው ሞገድ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው የሚመስለው፤ ልቅም ያለ፣ በሰከንድ 10። ሦስት ቡድን በተራ ቀዳ፣ እኔም እያየሁ ፈረምኩ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሞገዱ አለመቀነሱን አንዷ ብትጠይቀኝ "ከሰው ሰው ይለያያል" ብዬ አለፍኳት። ይህቺ "ይለያያል" የምትባል ቃል ስንት ጉድ ሸፍናልናለች!

አራተኛው ቡድን ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ፣ መቅጃውም ከላፕቶፑ ኃይል እየወሰደ ስለሚሠራ ቀረጻው አልተቋረጠም። ሞገዱ ግን ከመብራቱ ጋር ድርግም አለ። ልጁ ዓይኑን እንደጨፈነ ተቀምጧል፤ የሆነውን አያውቅም። ጓደኛው ስክሪኑን አይቶ "መምህር፣ ምን ሆነ?" ሲል እኔ የኤሌክትሮዱን ገመድ እነካካለሁ። ጥቂት ቆይቶ ጀነሬተሩ ተነሳ። ሞገዱም አብሮት ተነሳ፤ አሁን ግን በሰከንድ 12 ሆኗል።

በሩ ላይ ቆሞ ያይ የነበረው አንጋፋው የላብ ቴክኒሺያን ሳቀ። "የዚህ ልጅ አንጎል በናፍጣ ነው እንዴ የሚሠራው?" ቀረብ ብሎም "በሰከንድ ስንት ናሙና ነው የምትወስደው?" አለኝ። አየሁት። 40፤ መቅጃው ቮልቴጁን የሚለካው በሰከንድ 40 ጊዜ ብቻ ነው።

ትንፋሽ ዝግተኛ ስለሆነ 40 ናሙና ይተርፈዋል። ግድግዳው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ግን በ50 ኸርዝ ይወዛወዛል፤ ሰውነታችንና የኤሌክትሮዱ ገመድም እንደ አንቴና ይቀበሉታል። 50 ኸርዝን እንዳለ ለማየት በሰከንድ ከ100 በላይ ናሙና ያስፈልጋል። 40 ብቻ ስንወስድ በሁለት ናሙናዎች መካከል ሞገዱ አንድ ዙር ከሩብ ይሄዳል፤ ሙሉው ዙር አይታይም፣ የምናየው ሩቡን ብቻ ነው። ሩብ ዙር 40 ጊዜ፣ 10 ኸርዝ። ብዙ ጭነት የሌለበት ጀነሬተር ደግሞ ወደ 52 ከፍ ይላል፤ 12ቷ የመጣችው ከዚያ ነው። ክፋቱ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ልክ አልፋ ክልል ውስጥ መውደቃቸው። 25 ወይም 3 ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቡድን እነቃ ነበር።

የመስመሩን ሞገድ ብቻ ለይቶ የሚያጠፋው ኖች ፊልተርስ? በርቷል፤ ግን ለአሜሪካ መስመር በሚሆነው 60 ኸርዝ ላይ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ። ከናሙና በፊት ፈጣኑን ሞገድ የሚቆርጠው ፊልተርም ጠፍቷል፤ ለትንፋሽ ማን ያስታውሰዋል?

ናሙናውን 400፣ የላይኛውን ፊልተር 30 ኸርዝ፣ የታችኛውን 0.5፣ ኖቹን 50 አድርጌ፣ የላፕቶፑንም ቻርጀር ነቅዬ እንደገና ቀዳን። የወጣው አስቀያሚ ነው፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሰልላል፣ ጭራሽ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ሞገዱ ወዲያው ተኛ።

ሦስቱን ቡድኖች መልሼ ጠርቼ ነገርኳቸው። ቅድም የጠየቀችኝ ልጅ ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ዘርግታ "ታዲያ ይሄ የማን አንጎል ነው፣ መምህር?" አለችኝ። እኔ ሳልመልስ ቴክኒሺያኑ በአገጩ ወደ ሶኬቱ ጠቆማት።