መንገድ ሲዘጋ የተከፈተ ትምህርት ቤት

ስቶክሆልም ያለን ሐበሾች «ትንሽ ሰርቼ አገሬ እገባለሁ» ማለት እንወዳለን። እንዲህ ሲል ሲል ፀጉሩ ሸብቶ እዚሁ የቀረው ስንቱ ነው! በቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች የቅዳሜ ትምህርት እንክፈት ሲባልም መልሱ ይኸው ነበር። «ምን አስቸኮለን? አገር ቤት ስንገባ ይማሩታል።»

እኔን ከዚህ ወሬ ያወጣኝ ምፅዋ አጠገብ የነበረው የእምኩሉ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ምፅዋ የደረሱት በ1866 ነው። ሐሳባቸው ኦሮሞ አገር መግባት ነበር። መንገዱ ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ ኩናማ ዘንድ ሰፈሩ፤ በሽታውም ሞቱም ሲበዛባቸው ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ። እዚያ ሐሩር ውስጥ መንገድ እስኪከፈት ሲጠብቁ፣ በባርነት ተሽጠው ነፃ የወጡ ልጆች እጃቸው ገቡ። ምን ያድርጓቸው? አስተማሯቸው። ትምህርት ቤቱ እንዲህ ተጀመረ፤ በኋላም ከምፅዋ ወጣ ብሎ እምኩሉ ላይ ተደላደለ።

ከልጆቹ አንዱ ሂካ ነበር፤ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባለው። በልጅነቱ ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ቆንስል ነፃ አውጥቶ በ1870 ለሚሲዮኑ ሰጠው። ከዚያ እዚህ ስዊድን መጥቶ ብሮማ፣ ዮሃነሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተማረ። ዛሬ እኛ በባቡር የምንመላለስበት ብሮማ! ለካ ከእኛ በፊትም ይህ ብርድ የመታው ሰው አለ።

የሌላዋ ተማሪ፣ የአስቴር ጋኖ ታሪክ ግን ይብሳል። በ1886 ዓረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ተጭና ሳለ ጣልያኖች ነፃ አወጧትና እምኩሉ ገባች። ባሪያ ፈንጋዮቹ አገሯን ቢወስዱባትም ቋንቋዋን አልወሰዱባትም። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ትጽፍ ጀመር። በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። በ1899 በወጣው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእሷ ድካም አለበት፤ ስሙ የገነነው ግን የኦኔሲሞስ ነው። ይህ ሁሌ ያናድደኛል።

ሚሲዮኖቹ ሲመኙት የኖሩት ጉዞ የተሳካው በተማሪዎቻቸው እግር ነው። ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ወለጋ ገቡ፤ ነቀምት ላይ ማስተማር ጀመሩ።

ይህን ታሪክ በአንድ ስብሰባ ላይ ሳወራ አንዲት እናት «እነሱ ባሕር ዳር ቆመው ካስተማሩ እኛ ሞቆን ተቀምጠን ምን ያግደናል?» አሉ። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ሌላ ክርክር ግን ተነሳ፤ በምን ቋንቋ? ቤቱ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም ተናጋሪ አለው። እስካሁን አልተስማማንም። ለጊዜው መዝሙሩን በሦስቱም እናስጠናለን፤ ልጆቹም ተረት ከእናቶቻቸው ጠይቀው እንዲያመጡ እናዛለን። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ የአያቷን የጅብና የአህያ ተረት ይዛ መጣች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥርት ባለ ስዊድንኛ ተረከችልን።